የአሳንሰሩ ነጂ

ባሕሩ ከእግር ሥር፣ ቤቱ ከገደል ጫፍ፤
ቫልፓራይሶ ላይ ሽቅቡ የሚቀናው ላሞራ ነው፣ ለወፍ።
ለዚህ ነው አሳንሰር፣ ለዚህ ነው የሽቦ ገመድ፣
ለዚህ ነው ኤሌውቴሪዮ ሃያ ስድስት ዓመት በዚያው ሐዲድ
ሲያወጣ፣ ሲያወርድ።

ዓሣ ሻጯን ከነቅርጫቷ፣
መነኩሲቷን ከነጃንጥላዋ፣
ፒያኖ አንድ ጊዜ፣ የሬሳ ሣጥን ሁለቴ፣
ሁሉን አንሥቷል፤ "አቅቶኝ አያውቅም" ይላል፣ "አንድም ቀን በሕይወቴ።"

ማታ ቤቱ ሲገባ ግን...
እዚህ ላይ ይቆማል።
ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ያሽከረክራል።
ሐኪሟ ትጠብቃለች። መስኮቱ ላይ እርግብ ይራመዳል።

"ዓመት ከመንፈቅ" አለ ኋላ፣ እንደሚናዘዝ ለባርኔጣው፤
"ክረምቱ ነው አልኩ፤ ፍራሹ ነው አልኩ፤ ፍራሹን ለወጥነው።"

ዶክተር ኢሳውራ ቤናቪዴስ፣ ልጁ የምትሆን፣
የሽንኩርት ዋጋ እንደምትጠይቅ፣ ድምጿን ሳታቀጥን፣
"ንጋት ላይስ?" አለችው፣ "ስትነቃ ከእንቅልፍህ?"
ሳቀ፣ ሳያስበው። "ድሮማ ከዶሮ ይቀድም ነበር፤
አሁን ዶሮው ብቻውን ነው የሚጮህ።"

ጻፈች።
"የምትወስደው መድኃኒት አለ?"
አለ፤ ወንድሙ የሰጠው፣ ደረቱን ሲጨንቀው ከምላሱ ሥር የሚያኖረው፤
ደግሞ ከወደብ፣ ከአንድ መርከበኛ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ የገዛው፣
ሰማያዊ ክኒን፣ አራት ፍሬ፣ ከመፍቻ ሣጥኑ የሸሸገው፣
እስካሁን ያልደፈረው።

እስክሪብቶዋ ቆመ።
"ሁለቱ ደምህ ውስጥ ቢገናኙ፣ ግፊትህ ወርዶ ወርዶ ማን ይመልስልህ?
ፍርሃትህ ነው" አለች፣ "እስከ ዛሬ ያኖረህ።"

ወገቡን ለካች። ክንዱን በጨርቅ አነቀች።
የእግሩን ትርታ በሁለት ጣት አዳመጠች።
በማግስቱ ቁርስ ሳይቀምስ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣
ደሙን ሰጠ፤ ሆርሞን በጧት ነው የሚያዝ፣ ይሸሻልና ኋላ።

ሆርሞኑ ደኅና። ስኳሩ ግን...
ወረቀቱን አዞረችለት።
"የታችኛው ደም ሥር ቀጭን ነው፤ የልብህ ወፈር ይላል፤
ዝገት ሲመጣ ቀጭኑ ይቀድማል፣
ወፍራሙ ተራ ይጠብቃል።"

ዝገት ሲባል ገባው፤ ገመድ ሲቀባ ኖሯልና እሱ፣
ያውቃታል ያችን አንድ ክር፣ ቀድማ የምትላላውን፣ ሌሎቹ ሳይበጠሱ።
ዓመት ከመንፈቅ ያፈረባት፣
ለካ ደወል ኖራለች።

ልቡ ድረስ በቀጭን ሽቦ ገቡ፣ በእጁ አንጓ አልፈው፤
ሊዘጋ ያለውን በር ከፍተው ተዉት፣ በትንሽ ቱቦ ደግፈው።
ሲጋራ ይቅር፤ የስኳር ክኒን ጧትና ማታ፤
ደግሞ ደረጃውን በእግርህ ውጣ።
መቶ ስድሳ አንድ እርከን፣ ከአሳንሰሩ ጎን፤
ነጂው በእግሩ ሲያዘግም ሰፈሩ ሳቀ ያን ሰሞን።

"በሚቀጥለው ከባለቤትህ ጋር" አለች ሐኪሟ።
መጣች ኦርቴንሲያ፣ ቦርሳዋን እንዳቀፈች በደረቷ።
ስትጠየቅ ዝም፤ ዝም፤ ከዚያ፦
"ሌላ ሴት ያለችው መስሎኝ ነበር።
ሸሚዙን አሸትት ነበር።
የሚሸተኝ ግን ግራሶ።"
"ወደ ግድግዳ ዞረሽ ስትተኚ፣ የናቅሽኝ መስሎኝ..."
አልጨረሰም፣ ዓይኑን በባርኔጣው አብሶ።

ክኒኑ ታዘዘ፣ አሁን በልኩ፣ ያ የምላስ ሥሩ ከተከለከለ ወዲያ።
የመጀመሪያው ማታ ምንም። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ኦርቴንሲያ
ሳቀች፤ ተሳሳቁ፤ አልጋው ጮኸ፤
ግድግዳ የመታሁት ጎረቤት እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ ለዚያ ማታ፤
የቀረውን አልናገርም፤ የሁለት ሰው ገበና ነው፣ የሁለት ሰው ጨዋታ።

ጧት ጧት ተሳፋሪ ይጠይቃል፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ እንደ ልማዱ፦
"ዛሬ ይሠራል?"
ያን ዓመት ከመንፈቅ ቃሉ እንደ ጩቤ ይወጋው ነበር።
አሁን መዘውሩን ያዝ ያደርግና ከጢሙ ሥር ፈገግ ይላል፦
"አንዳንድ ቀን" ይላል። "ግቡ።"