የበሩ ድምፅ

ከካርማኞላ ወጣ ብሎ፣ ከቃሪያው ማሳ ዳር፣
ዶሮ ሲሰፍርባት አርባ ዓመት ሲቆጠር፣
ቆማ የቀረች ናት፣ ባለ ሁለት ወንበር።
ወለሏን በአውራ ጣት ገፋ ሳደርግባት፣
እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረባት፤
በቀዳዳው በኩል ሣር ብቅ አለባት።

«እንደ አዲስ ትሁንልኝ» አለኝ ጓልቲዬሮ፣
የባለቤቲቱ የወንድም ልጅ፣ ትርፉን ቀምሮ፤
«ከፋብሪካ ደጃፍ ዛሬ የወጣች ትምሰል፣
በመስከረም ትርኢት የገዢ ዓይን ከሷ እንዳይነቀል።»

ብትንትን አደረግኳት፤ ብሎን በብሎን ፈታሁ፣
በጣሳ በጣሳ ለይቼ ስማቸውን ጻፍሁ፤
ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ አወረድሁ፣
ካምቢዮና ፍሪሲዮን ጨርቅ ላይ ደረደርሁ።
ከወንበሯ ሥር ሁለት የተሰነጠቀ እንቁላል፤
ከበሯ ሆድ ዕቃ ደግሞ አንዲት ሳንቲም ወደቀች፣
ሃምሳ ሊራ፣ ከአቧራ ጋር የኖረች።
እግሩ ያጠረ ጠረጴዛዬን ደገፍሁባት፣
ረሳኋት።

ባለቤቷ ሐሙስ ሐሙስ በታክሲ ትመጣለች፣
ሲኞራ ኦርቴንሲያ፤ ሰማንያ ሦስት ደፍናለች።
ያኔ በዚህች መኪና፣ ያን ጠመዝማዛ ዳገት
ወንዱን ሁሉ አቧራ አልብሳ የወጣች ሴት።
ዛሬ ዓይኗን ጉም ጋርዶት በመዳፏ ታያለች።
«ይሄ ምንድን ነው?» «ካንዴላ።» «ይሄስ?» «ባሌስትራ።»
«ይሄኛውስ?» «ኩሽኔታ።»
«ጣሊያንኛ የት ተማርክ?» ትላለች ተገርማ።
«ኧረ አማርኛ ነው! ድሬዳዋ፣ ጋራዥ ውስጥ፣
ጋሽ ቡሽራ ያስተማረኝ፣ በኩርኩም፣ በቁጣ።
እዚህ ‹ደህና ዋሉ› ለማለት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤
የመኪናን አንጀት ግን በቋንቋችሁ ይዤው መጣሁ።»
እስክታስል ሳቀች።

ጭጋግ ሜዳው ላይ ሲተኛ ዝገቷን ቆረጥሁ።
ዝገት ማባበል አይወድም፤ ስቱኮ ቢለጥፉበት
ላዩ የሻረ መስሎ ውስጡ ነው የሚያመረቅዝበት፤
ጤነኛው ብረት ድረስ ነው መቁረጥ፣ ሳይሳሱለት።
ሦስት ባልዲ ሙሉ ወጣት።
አዲስ ላሜራ ቆርጬ፣ አሸዋ ከረጢት ላይ አስተኝቼ፣
በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልሁ ጎኗን መልሼ አበጅቼ፣
ሰባት ጊዜ ቀባሁ፣ ሰባት ጊዜ ፋቅሁ።
ቀለሟ መስታወት ሲሆን ፊቴን አየሁባት፤
ለካ እሷን ሳድስ እኔ አርጅቼ!

ሚያዝያ ላይ መጣች። ቀዩን ቀለም አላየች፣
ኒኬሉን አላየች። በሩን ከፍታ ዘጋች፣
አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፣
«አይደለችም» አለች።
«ሲኞራ፣ የሻንሲዋ ቁጥር ያው እኮ ነው።»
«እኔ ቁጥር አልነዳሁም።
የኔዋ ስትዘጋ ቀድማ ታቃስታለች፣
ከዚያ ግጥም ትላለች፣
ቆይታ ደግሞ፣ ወደ ውስጥ፣ ቅጭል።»

ማጠፊያውን አጠበቅሁ፣ አላላሁ፤ ጎሚኒውን ቀየርሁ፤
ሐሙስ አልፎ ሐሙስ፣ «አይደለችም» ሰማሁ።
ጓልቲዬሮ በስልክ፣ «ጨርሰህ የለም ወይ?»
«በሯ አልጨረሰም» አልሁት፤ ምን ብዬ ላስረዳው?
በአምስተኛው ሳምንት፣ ሌሊት፣ እንቅልፍ አጣሁ፣
ጋራዡን ከፍቼ ባልዲውን ደፋሁ፤
የተበላውን አሮጌ ማጠፊያ ከዝገቱ ለየሁ፣
ዘይት አጠጥቼ ከቦታው መለስሁ።
ከዚያ ጎንበስ ብዬ፣ ከጠረጴዛው እግር ሥር፣
ሳንቲሟን መዘዝሁ።

በነጋታው ዘጋችው። አቃሰተ። ግጥም አለ።
ቅጭል።
ምንም አላለችም። ዘንጓን ለእኔ አስያዘችኝ፣
ገብታ ተቀመጠች፣ መሪውን ጨበጠች፤
በከንፈሯ ሞተር አስነስታ
ሦስት ማርሽ ስትቀይር ሰማኋት።

መስከረም ላይ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ዳኛ
በሩን ዘግቶ አደመጠ፤ ግንባሩን ቋጥሮ ነጥብ ቀነሰ።
ጓልቲዬሮ ዞሮ አፈጠጠብኝ።
እኔ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ።

ጠረጴዛዬ ግን ከዚያ ወዲህ ያነክሳል።