የሐሙስ ቃለ ጉባኤ

ሐሙስ። ታርቱ። ከጧቱ አራት ሰዓት። ሦስተኛ ፎቅ።
ከመስኮቱ ማዶ ወንዙ ረግቷል እንደ አደረ መረቅ።
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ
በየገጹ አናት ጽፌአለሁ፦ «ተገኝተዋል ሁሉ።»

መገኘት ምንድን ነው?
ኢንድሬክ ተገኝቷል፤ ገላው ወንበር ላይ ነው፣
ልቡ ግን ፔይፕሲ ሐይቅ ላይ፣ በረዶ ሰርስሮ ዓሣ ጠባቂ ነው።
ማዲስ ተገኝቷል፤ ራሱን ይነቀንቃል፣
ነገሩ ሳይነገር ቀድሞ ይስማማል።
ሊቪካ ከጠረጴዛ ሥር ኮፍያ ትሠራለች፣
በስላይድ አንድ ዙር፤ ጆሮ ጋ ደርሳለች።
ካይዲ፣ አዲሷ፣ በመስከረም የገባችው፣
ጥያቄ ምላሷ ላይ ሲደርስ በውሃ የምታወራርደው።

ፕሮፌሰር ሄልቬ ከራስጌው ወንበር ትጠይቃለች፣
እስክንተነፍስ አትጠብቅም፣ ራሷ ትመልሳለች።
ክፉ ሆና አይደለም፤ ዝምታ ያስፈራታል፣
ባዶ ሰሌዳ እንዳየ መምህር እጇን ይበላታል።
እኔም በንጹሕ ፊደል፦ «ሰፊ ውይይት ተደረገ» እላለሁ፤
እሷም በአረንጓዴ ብዕር ነጠላ ሰረዜን ታርማለች፣
ውሸቱን ግን ታልፈዋለች።

የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? የምናጠናው ትኩረት ነው።
የሰው ሐሳብ ከተቀመጠበት ሾልኮ የሚወጣው
በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ከብዙ ዐይን ለክተናል፤
በገዛ ስብሰባችን ግን ስድስታችንም ሾልከናል።

በጥር አጋማሽ ጉንፋን የሄልቬን ድምፅ ወሰደው።
መጣች፣ በሻርፕ ተጀቡና፤ የራስጌውን ወንበር አለፈችው፣
ማሞቂያው ሥር፣ ከካይዲ ጎን ተቀመጠች፤
ቢጫ፣ እንቁላል የሚያክል የወጥ ቤት ሰዓት አወጣች።
በሰሌዳው ላይ፦ «ያልገባችሁን አንድ ነገር ጻፉ።
ሦስት ደቂቃ። ስም የለም። ስትጨርሱ እጠፉ።»

ጥክ ጥክ ጥክ ጥክ።
እኛ አገር ዝምታ ነውር የለውም፤ እንደ ካፖርት ነው፣
ደጅም ቤትም እንለብሰዋለን። ያኛው ግን ሌላ ነው፤
እርሳስ ወረቀት ሲጭር፣ ማሞቂያው ሲያቃስት፣
ሊቪካ መርፌዋን ስታስቀምጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ዓመት።

ወረቀቶቹ ጅምሩ ኮፍያ ውስጥ ገቡ፣ መርፌው እንደተሰካ።
ማዲስ አንባቢ ሆነ፦
«ግራፉ ላይ ያለው ቀይ መስመር ምንድን ነው?
ከጥቅምት ጀምሮ ልጠይቅ እልና አፍራለሁ።»
ሁለተኛው፦ «ቀዩ መስመር ምንድን ነው?»
ሦስተኛውም። ከሦስቱ አንዱ የራሱ የማዲስ ነበር፤
ጆሮው ቀላ፤ ጣሪያው በሳቅ ሊነሣ ነበር።

አራተኛው ሲገለጥ ሳቁ ቀጥ አለ፦
«የአምናውን ውጤት ሦስት ጊዜ ደገምኩት። የለም።
ለማን እንደምነግር አላውቅም።»
ሁሉም ካይዲን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አየ፤
ካይዲ አንገቷን ደፋች፣ ባላጠፋችው ጥፋት።
እኔ ግን በማዲስ ትከሻ አሻግሬ ቀለሙን አወቅሁት።
አረንጓዴ ነው።

ሄልቬ እጇን አወጣች፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ።

ከሐይቁ የተመለሰው ኢንድሬክ ነው ቀድሞ የተናገረው፦
«ስንት ሰዓት ላይ ለካሻቸው? ምሳ በልተው? ሳይበሉ?»
ሊቪካ፦ «ክፍሉስ ያው ነበር? መብራቱ ይርገበገባል እኮ!»
ካይዲ ውሃዋን ትታ ተነሣች፣
«እኔ ልሣለው?» ብላ ጠመኔውን አነሣች።
ሄልቬ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ነፋስ ብቻ ወጣ።
ጉሮሮዋን ይዛ፣ ያለ ድምፅ ሳቀች።

እንቁላሉ ዳግም ጮኸ። ማን እንደሞላው አላውቅም፤
ማንም ጆሮ አልሰጠውም።
የዚያ ዕለት ቃለ ጉባኤ ግማሽ ገጽ ነው፤ ግርጌው እንዲህ ይላል፦
«ከዚህ በኋላ ጸሐፊዋም ስታወራ ነበር።»

ድምፅዋ ተመለሰ። ሁሉም ሐሙስ እንደዚያ አይደለም፤
ባለፈው ሳምንት፣ የበጀት ወሬ ላይ፣
ኢንድሬክ መሰርሰሪያውን ይዞ ሲሄድ በዐይኔ አይቻለሁ።
ሄልቬም አንዳንዴ ትረሳና ልትመልስ አፏን ትከፍታለች፤
ካይዲ በአንድ ጣቷ እንቁላሉን ወደ እሷ ትገፋለች።
ኮፍያው አላለቀም። አያልቅምም መሰለኝ።
ቀዩ መስመር ደግሞ፣
ሁለት ማብራሪያ አለን፤
እስካሁን አልተስማማንም።