ከታች ሲታይ

በሐምሌ ቅዳሜ፣ አስፋልቱ ሲላላ፣
እርግብ እንኳ ስትሻ ከድልድይ ሥር ጥላ፣
ለጃጃ ልደቱ ሁለት ትኬት ቆረጥኩ፤
«ቺካጎን ጎብኝልኝ» ብዬ ይዤው ወረድኩ።

ጃጃ የአባቴ አባት፤ እኛ ሰፈር ያሉ
ፖላንዶች አያትን «ጃጃ» ነው የሚሉ፤
ስሙ ግን አይያዘው፣ ከቶ አልጃጀም እሱ፣
ደረጃ ሲወጣ አይሰማም እስትንፋሱ።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ገመድ መንገድ አርጎ፣
የፎቆቹን ዐይን ከአቧራ ጠራርጎ፣
ጡረታ ወጣ ሲሉት ወደ መሬት ወረደ፤
ከዚያ ወዲህ መሐል ከተማ አንዴም አልሄደ።

ጀልባዋ ተነሣች። ሎኔት አስጎብኚዋ
ላቧን እየጠረገች በቢጫ ቆቧ፣
«ይኼ ወንዝ» አለችን፣ «ወደ ሐይቁ ነበር ድሮ የሚፈሰው፤
ቆፍሮ ቆፍሮ ፊቱን አዞረው ሰው!»
ከአይዋ የመጣ አባት፣ መንታ ልጅ ያዘለ፣
«ወንዝ እሺ ካለማ፣ እነዚህስ?» አለ።

በቀኝ በግራችን ብረትና መስታወት።
ሎኔት ትቆጥራለች፣ ዓመቱን፣ ቁመቱን፣
የመሐንዲሱን ስም፣ የምሰሶውን ክብደቱን፤
ሰው ሁሉ ያነሣል ስልኩን ወደ ላይ፤
ጃጃ ብቻ አቀርቅሯል፣ ጫማውን ነው የሚያይ።

«አታይም እንዴ?» አልኩት።
«አንገቴ አልለመደም። ቁልቁል ነው የማውቀው፤
በዚህ በኩል ያለውን ፊቱን መች ላውቀው?
ከዚያ ላይ ሰው ማለት ባርኔጣ ነው» አለኝ፤
«ዛሬ ከባርኔጣው ሥር አፍንጫ ታየኝ።»

ድልድዩን አልፈን ግን፣ ወንዙ ሲጠመዘዝ፣
ቀስ ብሎ ቀና አለ፣ እንደ ሰው ሲታዘዝ፤
ጣቱን አወጣና አንድ አረንጓዴ ፎቅ ላይ ተከለ።
«አርባ አንደኛው ላይ፣ ከማዕዘኑ ሦስተኛ፣
አንዲት ሴት ነበረች፣ ሒሳብ ሠራተኛ።
ጠረጴዛዋ ላይ ቁልቋል ነበር፣ በጣሳ፤
እኔ በመጣሁ ቁጥር ስንዝር የሚነሣ።
መስታወት መካከል፤ ቃል አይሻገርም፤
ቀና ትላለች እንጂ ፈገግ አትልም።
አንድ ቀን በታኅሣሥ፣ ሲቆረፍድ ገመድ፣
ወረቀት ለጠፈች፣ ‹በረደህ?› የሚል፣ እንደ ዘመድ።»

«ምን መለስክላት?»
«በሳሙናው ጻፍኩ። ‹ትንሽ› ብቻ አልኳት፣
ከውስጥ እንዲነበብ ፊደሉን ገልብጬላት።
ከዚያ ጠርጌው ወረድኩ።»
ሌላስ የለም? አልኩት።
«መስኮቱ ጠርቶ ነበር» አለ። እኔም ዝም አልኩት።

ሎኔት ስለዚያው ፎቅ በማይኩ ነገረች፤
ቁልቋሉን ግን ዘለለች።

ከሰዓት በኋላ፣ አይስክሬም እየቀለጠብን፣
ወደ ትልቁ ባቄላ በሕዝቡ መሐል ዘለቅን፤
ከብረት የተሠራ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣
ሰማዩን ከነፎቁ የሚያጎብጥ በአንድ ስፍራ።
ሙሽሮች፣ አንዲት መነኩሲት፣ የቴክሳስ ጡረተኞች ማኅበር፣
ሁሉም የገዛ መልኩን እዚያ ብረት ላይ ሲያድን ነበር።

ጃጃ መልኩን አላየም።
ያየው የሕፃን እጅ ነው፣ ማርማላት የነካው፣
አምስት ጣት፣ ልክ ደረቱ ላይ የተለካው፤
በዙሪያውም የአገር አሻራ፣ ላብ፣ የጸሐይ ቅባት።
መሐረብ አወጣ።
እፍ አለበት።
ከላይ ወደ ታች፣ እንደ እባብ እየሳበ፣
ክንዱ ሳይቸኩል፣ አንድ መስመር ሳያስቀር፣ እያሰበ፤
የትንሿን እጅ ግን ዞራት፤ አልነካትም።

ጥበቃው መጣ። «አባት፣ አይነካም...» ሊል ነበር፣
አልጨረሰውም። ቆሞ አየው፣ እጆቹን አጣምሮ በክብር፤
በመጨረሻ «ወዲያኛው ጎንስ?» አለው።
ጃጃ መሐረቡን በአራት አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው፤
«ጡረታ ነኝ» አለ።

ማታ በባቡሩ፣ አንገቱን እየነካ፣
«ከታች ሲያዩት» አለኝ፣ «ረጅም ነው ለካ።»