ቀሪ

ሐይፋ ውስጥ፣ ሀዳር ላይ፣ ከልብስ ሰፊው ቤት ሥር፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ስልሳ ሰው ስንዘምር፣
መዝገብ ነበር እጄ፣ ዐይኔም ወንበር ቈጣሪ፤
ለመጣው ጭረት ነው፣ ላልመጣው ግን «ቀሪ»።

ደምመላሽ የሚባል፣ በሦስተኛው ረድፍ ጥግ፣
መጽሐፍ ሲከፈት የሱ ዐይን ዝግ።
ያንኮራፋል ጭራሽ። ሕፃናት ይስቃሉ፣
እናቶች በሻሽ ጫፍ አፍ ይሸፍናሉ።
አንድ ቀን አልቻልኩም። መድረኩ ላይ ሆኜ፣
በሰው ሁሉ ፊት በአንድ ሰው ጨክኜ፣
«ቤተ ክርስቲያን ነው፣ መኝታ ቤት አይደለም!»
አልኩት በማይክሮፎን። ቀናም አላለም፤
ጃኬቱን አንሥቶ ቀስ ብሎ ወጣ፣
በሚቀጥለውም፣ በሌላውም ሳይመጣ፣
ሦስት ጊዜ ጻፍኩበት፤ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ።
እጄ አልተንቀጠቀጠ፣ ሆኜ ሒሳብ ሠሪ።

ወይዘሮ ታንጉት ናት፣ ወንበር ስናጥፍ ማታ፣
የጠየቀችኝ፣ ድምጿን ሳታበረታ፦
«መጋቢ፣ ያንን ልጅ በምን መገብከው?
መጋቢ ተባልክ እንጂ ማንን አጎረስከው?»

ወረድኩ። ከሀዳር እስከ ወደቡ ሰፈር
ደረጃው አያልቅም፣ ከመቶ በላይ ነበር።
(መቍጠር አይለቀኝ!)
በሩን የከፈተው የክፍሉ ተጋሪ፦
«ሆቴል ልብስ አጣቢ፣ ሌሊት ሠርቶ አዳሪ፤
ዐርብ ማታ ገብቶ፣ ቅዳሜ ሲነጋ
ሳይተኛ ነበረ እናንተ ጋ የሚጠጋ፤
ሽቅብ በእግሩ ወጥቶ፣ በደረጃው» አለኝ።
እዚያው ደጃፉ ላይ ጕልበቴ ከዳኝ።

ጎሕ ሲቀድ መጣ። ክሎሪን ይሸታል፤
ጣቱ ተሰነጣጥቆ፣ ዳቦ በፌስታል።
«ማን ሞተ፣ መጋቢ?» አለኝ በድንጋጤ።
ለካስ ለመርዶ ነው የኔ አመጣጤ!
ይቅርታ ልል ስል፣ ቃሉ ካፌ ሳይደርስ፣
እሱ ቀደመኝና ዳቦውን ሲቈርስ፣
ግማሹን ዘረጋልኝ።
መጋቢው ተመገበ።

ከዚያ እንደ ለበሰ ፍራሹ ላይ ወደቀ፣
በአንድ እስትንፋስ ውስጥ ከዚህ ዓለም ራቀ።
ጫማውን ፈታሁለት፣ መጋረጃ ሳብኩኝ፣
ስልኩ ሲርገበገብ ድምፁን አጠፋሁኝ፣
እስከ እኩለ ቀን ሳልሰብክ ተቀመጥኩኝ።
ስንት ዓመት ስለ እረኛ ስሰብክ ኖሬ፣
አንድ ሰው ጠበቅሁኝ፣ ዛሬ ገና፣ ዛሬ።

ቅዳሜ ደረሰ። ደምመላሽ መጥቷል፣
ረድፉ ሦስተኛ ነው፤ ገና ሳንዘምር ተኝቷል፤
ታንጉት ሹራቧን ትከሻው ላይ ጣለች፣
ልጆቹን በዐይኗ ጸጥ ታሰኛለች።
ከስሙ ጎን «ቀሪ» አለ፤ አልሰረዝኩትም፣
ማን እንደ ቀረ ግን እንደ ፊቱ አላነብም።
ወንጌሉን ከፈትኩኝ። ማይኩን አራቅሁት፣
እንዳይነቃብኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁት።