ሁለተኛ ደረጃ

«ብናኙን አደራ» ይሉናል፣ በር ላይ፣ ገና ሳንገባ።
ፍሬው የደረበው፣ ከጉም የሳሳ፣ አመድማ ካባ
ጣት ካሻሸው ይለቃል፤ ከለቀቀም ዋጋ የለው።
እኔም በሁለት ጣቴ፣ የጨቅላ ሽፋሽፍት እንደሚነካ ሰው፣
ከቅርንጫፉ አላቅቄ በወንፊት እለያለሁ፤
ደንዳናውን ወደ ሣጥን፣ የላላውን ወደ ባልዲ እጥላለሁ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ለቀምኩት።
ሁለት ዓመት ሙሉ አልቀመስኩት።
ማታ መውጫው ላይ ፈታሿ «ምላስ!» ትላለች፤
ተሰልፈን እናወጣለን፣ በባትሪ ታያለች።

ዓርብ ዕለት አለቃው የመውጫ ወረቀት ጻፈልኝ፤
«ሁለተኛ ደረጃ፣ ግማሽ ኪሎ፣ ለጌጤ» ብሎ ፈረመልኝ።
ከሆለታ እስከ ገፈርሳ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰው በሰው ላይ፣
ፌስታሉን ከነጠላዬ ሥር ታቅፌ፣ እርጉዝ መሳይ።
ረዳቱ «ለእናትየዋ ተነሺላት!» ብሎ አንዷን አስነሣልኝ፤
አላፈርኩም፣ ተቀመጥሁ፤ ውሸቱ ደስ አለኝ።

ልጄ ሲፈን ኬክ የምታውቀው በዳቦ ቤት መስታወት፤
እኔ ያለኝ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ድስት፤
ፉርኖ የለም በቤት።
ግን ሰምቻለሁ፣ ትልቁ ድስት አሸዋ ከተነጠፈበት
ትንሹን ተሸክሞ ይጋግራል ይሉት።

ከጎናችን የማያልቅ ፎቅ አለ፤ አራት ዓመት፣ ብረቱ ዝጓል።
ኦቦ ጉርሜሳ ይጠብቁታል፤
ቤቱ አላደገም፣ እሳቸው አርጅተውበታል።
«አንድ ጣሳ አሸዋ ይስጡኝ።»
«ለምንሽ?»
«ለኬክ።»
ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁ፤ «ጤፍ መወደዱን ሰምቻለሁ፤
አሸዋ መብላት መጀመሩን ገና ካንቺ ሰማሁ!»

ሦስት እንቁላል፣ ሁለቱ ከኪዮስክ፣ አንዱ ከጎረቤት ብድር፤
ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሁሉም በስኒ ስፍር፤
በሹካ መታሁት፣ ክንዴ እስኪዝል፣
ሲፈን እየቆጠረች፣ መቶ ስትደርስ እንደገና ከአንድ ስትል።

አንዷን ፍሬ በቢላ ለሁለት ከፈልኳት።
ውስጧ ሰማያዊ አይደለም!
ፈዘዝ ያለ፣ አረንጓዴ ቢጤ፣ እንደ ወይን ሥጋ፤
ቀለሙ ሁሉ ለካ ቆዳው ላይ ነው።
ሁለት ዓመት ሙሉ ስተጋ
ይህን አላውቅም ነበር።
የቀሩትን ሊጡ ላይ ከመበተኔ በፊት
ብናኛቸውን በመዳፌ አሻሸሁት፣
እያወቅሁ፣ አንድ በአንድ፣
ማንም ሳይቆጣኝ።

ክዳኑ ላይ ፍም ከመርኩ። ጠበቅን።
አሸዋው ሲግል ያንሾካሹካል።
ሽታው መጣ፤ ቅቤም ያልሆነ፣ ማርም ያልሆነ፣
ዝናብ ያገኘው ቁጥቋጦ።
ስከፍተው ሰማያዊው የለም፤ ሐምራዊ ሆኗል፣ ፈርጦ፣
ጠርዙ አርሮ፣ መሐሉ ሰርጉዶ፣ ፍሬው ሁሉ ታች ሰምጦ።
«ተቃጠለ?» አለች ሲፈን።
«በሰለ» አልኳት።
ሁለታችንም እውነት ነበረን።

ለኦቦ ጉርሜሳ በድስት ክዳን ወሰድንላቸው።
ጎረሱ። ቆዩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።
«አጋም» አሉ፤ «እሾህ የሌለው አጋም።»
«ብሉቤሪ ነው!» አለች ልጄ።
«ይሁን፤ ስሙን ያወጣው ሰው አጋም አያውቅም።»
ወደ እኔ ዞሩ፤ «ታዲያ ለምን ጣሉት?»
«ለስልሷል፤ የአውሮፕላን መንገድ አይችልም።»
ፍርፋሪውን ከመዳፋቸው ለቀሙ፣ ዝም ብለው፣
«እኔንም ከፋብሪካው ሲሸኙኝ እንዲህ ነው ያሉኝ» አሉ፤
ሌላ ቁራሽ ጠየቁ።

ሰኞ ማለዳ ጥፍሬ ሥር ሐምራዊ መስመር፤
በሳሙና አልወጣ፣ በአመድ አልወጣ።
ፈታሿ እጄን ይዛ ወደ ብርሃን አወጣችው፤
«ምንድን ነው ይኼ?»
«ሁለተኛ ደረጃ» አልኳት፤ ወረቀቱን ላሳያት ኪሴ ስገባ
በሶፍት የጠቀለልኩት ቁራሽ ቀድሞ ወጣ።
አየችኝ። አየችው።
ዞር ብላ ጎረሰች።

ያን ዕለት ማታ፣ መውጫው ላይ፣
ከንፈሯን ገጥማ ቆማ፣
ማንንም «ምላስ!» አላለች።