ለኢሪያ፣ ከቁልፉ ጋር

ኢሪያ፣
ሰኞ ጠዋት ይህን ወንበር ስትረከቢ፣
መሳቢያው ውስጥ ቁልፍ አለ፤ ከሥሩ ያለውን ወረቀት አንብቢ።
ምክር አይደለም ልልሽ ነበር፤ ዋሸሁ፣ ምክር ነው፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቪጎ ወደብ፣ በጨው የታሸ ነው።

ወንበሩን አትመኚው፤ አንድ እግሩ ያነክሳል፣
ተቀምጦ ለሚመራ ሰው፣ ወሬው ከሥራው ቀድሞ ይደርሳል።
ጫማሽን አጥብቀሽ እሰሪ፤ ውረጂ ወደ ጥገናው ገንዳ፣
ሆዱን ገልጦ ወደተጋደመው፣ ወደዚያ ታማሚ እንግዳ።

በያጁን ብራይስን አንድ ቀን አገኘሁት፣ እጁን አጣጥፎ፣
እሳቱ ጠፍቶ፣ የፊት መከላከያው ግንባሩ ላይ ተለጥፎ።
«ለምን ዘገየህ?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ፣
ቃሌ ከብረቱ ላይ ነጥሮ፣ ወደ ባሕሩ ወደቀ።
በማግስቱ ጥያቄውን ገለበጥኩት፦ «ምን ያዘህ?»
«የጋዝ ፈቃዱ» አለኝ፣ «ሦስት ቀኑ፤ አንተ ጠረጴዛ ላይ አለልህ።»
አየሽ? ሰነፍ የመሰለኝ ሰው፣ እኔን ነበር የሚጠብቀው፣
ፊርማዬን ከጓንቴ ሥር ቀብሬ፣ እሱን ነበር የምጨቀጭቀው።

ሌላው ስብሰባ ነው። የረቡዕ፣ የሁለት ሰዓት፣
ሮይ እንቅልፉን የሚያሟላበት፣ እኔ ድምፄን የምሰማበት፣
ሃያ ሰው ሁለት ሰዓት ሲቀመጥ፣ አርባ ሰዓት ነው የሚሞት፣
ማንም አያለቅስለት፣ ማንም ለቀብር አይወጣለት።
ቆረጥኩት። ክሬኑ ሥር፣ ቆመን፣ ጠዋት በነፋስ፣
አሥር ደቂቃ፤ ጆሮ እስኪቀዘቅዝ፣ ወሬ ከጥርስ እስኪመለስ፦
ትላንት ምን አለቀ? ዛሬ ምን ይነሣል? ማንን ምን ጨነቀው?
አራተኛ ጥያቄ ያለው፣ ለብቻ ይምጣ፤ ሌላውን አያስጠብቀው።

አንቲያን ጠብቂያት። ኤሌክትሪክ ላይ እጇ ብርቅ ነው፣
ለዚህ ነው ሁሉም የሚጠራት፤ ለዚህም ነው የምታልቀው።
በአንድ ቀን አምስት ቦታ ላክኋት፤ አምስቱንም ጀመረች፣
አንዱም አላለቀም። ማታ ደረጃው ላይ፣ ሳጥኗን አቅፋ ቀረች።
«ሁለት ዛፍ የወጣ» ይባላል፤ ያወጣኋት ግን እኔ ነኝ፣
እግሯ ሊሰበር ሲል ደግሞ፣ «ተጠንቀቂ» ያልኳት እኔ ነኝ።
ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር አለ፤ አታጥፊው አደራ፦
የተጀመረው ሳይዘጋ፣ ሌላ ሥራ አይጠራ።

ባለመርከቡ ይደውላል። ድምፁ ማር ነው፣ ጥያቄው እሬት፣
«ሐሙስ ይንሳፈፋል አይደል?» ይላል፣ ልመናም ዛቻም ያለበት።
«አዎ» ማለት ይቀላል። ስልኩ ይዘጋል፤ ትመሰገኛለሽ፣
ከዚያ የሌላ ሰው ሌሊት፣ በአንቺ አፍ ተሸጦ ታያለሽ።
«እምቢ» አትበይው። «ሐሙስ ከሆነ ቀለሙ ይቀራል፤
ቀለሙ ካስፈለገህ እሑድ፤ ምረጥ» በይው፤ ይመርጣል።
መጀመሪያ ይጮኻል። ስልኩን ራቅ አድርገሽ ስሚው፣
ጩኸት ብረት አይበይድም፤ ሲበርድለት ቀኑን ጻፊው።

እኔ አንድ ክረምት ቸኩዬ፣ ብረቱ ሳይደርቅ አስቀባሁ፣
በሦስተኛው ሳምንት፣ እንደ እባብ ቆዳ ሲላጥ አየሁ።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ አፈሰስኩ፣ የለቀሙት ሌሎች ነበሩ፣
የገና ዋዜማ፣ መብራት ታጥቀው፣ ልጆቻቸው በር በር እያዩ ሲያድሩ።
ስማቸውን ከጀርባው ጽፌልሻለሁ። የእኔ ዕዳ ነው፤ አንቺ አትክፈዪው፣
ብቻ ገና ሲደርስ፣ የሥራ ተራ ስታወጪ፣ ስማቸውን እለፊው።

ይበቃል። ሌላውን ብረቱ ራሱ ያስተምርሻል።

ውሃው ገንዳውን ሲሞላ፣ መርከቡ ቀስ ብሎ ሲነሣ፣
ማንም ወዳንቺ አይዞርም፤ ሁሉም ያያል ወደዚያ ትልቅ አሣ።
አንቺ ግን ፊታቸውን እዪ፤ ማን እንደ ደከመው፣ ማን እንደ ቀለለው፣
የሚቀጥለው ዕቅድሽ የሚጀምረው፣ እዚያ ፊት ላይ ነው።

ወንበሩ ቢወዛወዝብሽ አናጺ አትጥሪ፤ ጎንበስ በይ፣
ከእግሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት አለ፤ ገፋ አድርጊው እንጂ አታውጪው ወደ ላይ።
የመጀመሪያው ዓመት ዕቅዴ ነው፤ መቶ አሥራ ሁለት መስመር፣ ቀን በቀን፣
እስካሁን የጠቀመን እዚያ ነው፤ ወንበሩን ቀጥ አድርጎ ሲይዝልን።

ሹርሾ