ማንኪያውን አትዝለይ

በመስከረም፣ የበርች ቅጠል ሲቀላ፣
ከኦስሎ መጡ። የማዘጋጃ ቤቱን አዳራሽ ሞሉት
በሻንጣ፣ በሽቦ፣ በካርታ።
እኔ ከመሃል፣ የሁለት ወገን ጆሮ፣
በሰዓት የምከፈል፣ የሁለት ወገን አፍ፤
ሥራዬ ቃል ማሻገር ነው ከዳር እስከ ዳር፣
ሳይረጥብ፣ ሳይንጠባጠብ፣ ሳይተርፍ።

ካርታው ላይ ወንዛችን ቀጭን ሰማያዊ ክር፣
ስሙም በነሱ ፊደል፣ በነሱ አነጋገር።
እኛ ዴአትኑ ነው የምንለው፤ ሌላ ስም አላሻንም።
ነገሩ አጭር ነበር፦ ሳልሞኑ አንሷል፣ መረብ ይነሳ።
"ይሁንና" አሉ፣ "የአካባቢው ሰው ታሪኩን ይንገረን፣
በገዛ አንደበቱ። በሦስት ደቂቃ።"

ፎቶ አንሺዋ ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ፦
"ሽማግሌው የባህል ልብሱን ምነው አልለበሰ?"
አጎቴ ያደረገው የላስቲክ ቦት ነበር፣
ድንች ሲቆፍር አርፍዶ ነው የመጣ።
ይህን አልተረጎምኩለትም።

በመዝገብ ዮሃን ኢሳክሰን።
በቤት የኢሳክ አንቴ ዮቭና፣
አያት አባት ልጅ፣ ሦስት ሰው ባንድ ጥሪ፤
አንዱን ብትጠራ ሦስቱም አቤት የሚሉ ይመስለኛል።
ዮሃን ያለችው መምህርቷ ናት፣ በሰባት ዓመቱ፣
አዳሪ ትምህርት ቤት በገባ ለት።
ማታ በሳሚኛ ውሃ ጠየቀ፤
ውሃ ሳይጠጣ አደረ።

ከዚያ ግቢ ከወጣ ወዲህ ኖርዌጂኛ
ካፉ ወጥቶ አያውቅም። ሱቅ ሲሄድ በጣቱ ይጠቁማል፣
ሐኪም ዘንድ እኔ አለሁለት።
ረስቶታል ብለን ነበር። እፊቱ ተቀምጠን
በዚያው ቋንቋ አምተነዋል እኮ።

ተነሳ። ማይክሮፎኑን ገፋ አደረገው፣ እንደ ጋለ ድስት።
"ለዚህ ሰውዬ ንገሪው" አለ በሳሚኛ፣
"ዓሣዬን ቆጥሮ መጣ።
ጀልባዋን ማን እንደጠረባት አልጠየቀ፣
አባቴን የበላውን አዙሪት በስሙ አያውቅ፣
ዓሣዬን ቆጠረ።
እንግዳ ሰው ቤት ገብቶ ማንኪያ ከቆጠረ፣
ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ባለቤቱን ሌባ ብሏል።"

አዳራሹ ሳቀ፣ ግማሹ፣ የኛው ግማሽ።
ሌላው ግማሽ ወደ እኔ ዞረ። ፊታቸው ገር ነበር፤
ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ምናልባት ለዚህ ይሆናል
ምላሴ የለዘበ።
"ስለ ጥናቱ ያመሰግናል" አልኩ፣
"ጥቂት ስጋት አለው፣
የአባቶቹም ልማድ ከግምት ቢገባለት…"

ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርኩ፤
የመረረውን ሳጣፍጥ፣ የተሳለውን ሳዶለዱም፣
ጨዋነት ስለው፣ ሙያ ስለው፣
ውሃ የሚያነሳውን ነገራቸውን ሁሉ
ወንዝ እንዳይሻገር እያደረግሁ።

አጎቴ ወደ ሰዎቹ ዞረ።
በኖርዌጂኛ፦
"እንደዚያ አላልኩም።"

እንከን አልነበረውም። ያረጀ፣ የደቡብ ሰው ቅላጼ፣
ዛሬ ማንም እንዲያ አይናገርም፤
ከሞተች የቆየች መምህርት
ጉሮሮው ውስጥ ቆማ ሰዋስው የምታርም ይመስል።
ከኋላ ወንበር አንዲት እኩያው
አፏን በመሐረብ ያዘች።
እኔ ጉልበቱን ነው ያየሁት፤ ከቦቱ በላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።
ያን ሁሉ ቋንቋ፣ በየክረምቱ፣ በየቀጠሮው፣
እንደ ቢላ ከሰገባው ሳያወጣ ኖሮ ኖሮ፣
መዘዘው ባንዲት ዓረፍተ ነገር፣
እኔ ላይ፣ የወንዙ ልጅ ነኝ ባይዋ ላይ።

ከዚያ ወደ ሳሚኛው ተመለሰ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሕፃን ሳለሁ
መቅዘፊያ ሲያስይዘኝ እንደሚያደርገው፦
"እንደገና። ቀስ ብለሽ። ማንኪያውን አትዝለይ።"

ጀመርኩ። ከጀልባዋ፣ ከጠራቢዋ፣
ከአዙሪቱ ስም።
ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ።
"ሦስቱ ደቂቃ አልቋል፣ ንገሪው" አለ።

አልነገርኩትም።
አጎቴም፣ ስልሳ ዓመት እንደለመደው፣
አልገባውም።